የቁጠባ ማኅበራችን ክፍያውን ወደ ስልክ ሊያዞር ነው፤ ማን ውጭ ይቀራል?

ሞጃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ሸዋ አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ያለ የሴቶች ቁጠባና ብድር ማኅበር እያማከርኩ ነው። አባላቱ 40 ያህል ናቸው። እሑድ እሑድ እየተገናኙ 50 ብር ይቆጥባሉ፣ በየተራ ብድር ይወስዳሉ። ኮሚቴው ከመስከረም ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ ይቅርና ሁሉም በቴሌብር ይክፈል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ገንዘብ ያዧ ብር ይዛ መሄድ ፈርታለች፣ መዝገቡም ስርዝ ድልዝ በዝቶበታል።

ችግሩ አባላቱ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ከግማሽ የሚበልጡት የያዙት ቁልፍ ስልክ ነው። አንዳንዶቹ የሚጠቀሙበት ሲም ካርድ በባላቸው ወይም በልጃቸው ስም የወጣ ነው። ሁለት ዓይነ ስውር እናቶች አሉ። ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ናቸው፤ ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ የሚቀናቸውም አሉ። የጥቂቶቹ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል፣ ጨርሶ የሌላቸውም አሉ። በዚህ ላይ ኮምፒውተር የተማረ አንድ ወጣት “ለማኅበሩ አፕ እሠራላችኋለሁ” ብሎ ኮሚቴውን ሳያሳምን አልቀረም።

ከየት ይጀመር? በደንቡ ላይ ምን ይጻፍ? አፑስ ያስፈልጋል? ጠቅላላ ጉባኤው ሊጠራ ነውና “ግንዛቤ ማስጨበጥ” ከሚለው ያለፈ፣ ነገ ጠዋት የሚሠራ ነገር ብትነግሩኝ።

መዝገብ_ያዥ

ከአፑም ከሥልጠናውም በፊት እያንዳንዱ ቁጥር በማን ስም እንደወጣ ያጣሩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አንድ ወረቀት ላይ ስድስት ዓምድ ያስምሩ፦ ሙሉ ስም ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ስልክ ቁጥር፣ ሲሙ የወጣበት ስም፣ የስልኩ ዓይነት፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው፣ የሚቀናት ቋንቋ። አባላቱን አንድ በአንድ፣ ለየብቻ ይጠይቋቸው። በስብሰባ መሃል ወይም ባል አጠገባቸው ቆሞ ሳለ “የሚስጥር ቁጥርሽን ማን ያውቃል?” ቢባሉ እውነቱን አይናገሩም።

ሲሙ በባል ስም ከሆነ ቴሌብሩም የእሱ ነው። እሷ የቆጠበችው በወረቀት ሲታይ የእሱ ገንዘብ ነው። መታወቂያውን ይዞ ሄዶ “ሲሜ ጠፋ” ብሎ ምትክ ቢያወጣ እሷ እጅ ላይ ያለው ሲም እዚያው ይዘጋል፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ማስቀየር ይችላል። ማንም ሕግ ጣሰ አይለውም፤ ደንበኛው እሱ ነውና። ጉዳቱ በቁጠባ አያበቃም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር የጀመረው “ቴሌብር መላ” ዓይነት ያለ መያዣ ብድር የሚሰጠው የቁጥሩን የአጠቃቀም ታሪክ አይቶ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሳታዛንፍ የከፈለችው እሷ፣ “ታማኝ ደንበኛ” ተብሎ የብድር ጣሪያው ከፍ የሚልለት ግን እሱ ይሆናል። በኋላ ቁጥር ብትቀይር ያ ታሪክ አይከተላትም። በስሟ ሲም የምታወጣ ከሆነ የመጀመሪያውን 50 ብር ከመክፈሏ በፊት ታውጣ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ሲመዘገቡ የሚሰጡት ስልክ ቁጥር በኋላ የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ነው። የባልን ወይም የልጅን ቁጥር ያስመዘገበች ሴት ለእያንዳንዱ ጉዳይ የዚያን ሰው ስልክ ስትለምን ትኖራለች። ስለዚህ፦

የምትሠራ የቀበሌ መታወቂያ ካላት መጀመሪያ በስሟ ሲም ታውጣ፣ ቀጥሎ በዚያው ቁጥር ፋይዳ ትመዝገብ። ምንም መታወቂያ ከሌላት ፋይዳው ይቀድማል፤ በፋይዳው ሲም ታወጣለች፤ ከዚያ ተመልሳ ቁጥሩን ታስመዘግባለች። ይህችን የመጨረሻዋን መመላለስ ብዙዎች ይተዉዋታል፤ ማኅበሩ ቀን ቆርጦ ሁሉንም በአንድ ላይ ቢወስዳቸው ይሻላል።

የፋይዳ ምዝገባ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ደላላ ነው። ማስረጃ የሌላት ሴት ራሱ ፋይዳ ያለው ምስክር ይዛ መመዝገብ ትችላለች። የሚወሰደው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ነው። ሸክላ ሲሠሩ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ እጆች አሻራቸው ይሟሟል ወይም ይሰነጣጠቃል፤ መሣሪያው አልቀበልም የሚለውም ለዚህ ነው። ማታውን በለብታ ውኃ ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት፣ ጠዋት አሻራ ከመስጠት በፊት በደረቅ ጨርቅ ማበስ ይረዳል። የመሣሪያው መስታወትም ከየሰው በኋላ ይጠረግ። የጎደለ ጣት ወይም የጠፋ ዓይን ካለ ሥርዓቱ “ልዩ ሁኔታ” ተብሎ የሚያዝበት ቦታ አለው። ሠራተኛው “ጣት ከሌለ አልመዘግብም” ካለ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው፤ ኃላፊውን ይጥሩ።

ስሙም ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ቦታ “ፀሐይ”፣ ሌላው ቦታ “ጸሀይ” ተብሎ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መጨረሻው አንዴ በዋይ አንዴ በአይ ይሆንና ባንኩና ፋይዳው አይገጥሙም። የሦስቱን ስሞች፣ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን፣ በሁለቱም ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ይዛ ትሂድ። ሠራተኛው ከማስቀመጡ በፊት ስክሪኑን ያሳያት፤ ካላነበበች አብሯት የሄደ ያንብብላት። የልደት ዘመንን ወደ ፈረንጅ ሲመልሱም ዝም ብለው 8 የሚደምሩ አሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የልደት ቀኗን የማታውቅ አንድ ቀን መርጣ በሁሉም ቦታ ያንኑ ትስጥ።

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ፋይዳ ግዴታ ሆኗል፤ አካሄዱም ከአዲስ አበባ ወደ ሌላው ነው። ዛሬ በስሟ ያልተመዘገበች ነገ ባንክም ሲም ካርድም እኩል ይዘጋባታል።

ኮድ_በግዕዝ

ሞጃ ወንድሜ፣ አፑን ተወው። የሚሠራው ልጅ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከአባላቱ ከግማሽ የሚበልጡት ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት ብለሃል፤ ለቀሩትም አፑ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ልጁ ደግሞ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። ከዚያ በላይ፣ አፑ ገንዘብ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ከሆነ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሂሳብ መዝግቦ ማሳየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ኤክሴል ይበቃል።

ከዚያ ይልቅ በኮከብና በመሰላል የሚደወለውን ተጠቀሙ፦ ቴሌብር *127#፣ ሲቢኢ ብር *847#፣ ኤምፔሳ *733#። ይሄ ያለ ኢንተርኔት፣ በማንኛውም ቁልፍ ስልክ ይሠራል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ወዲህ በብዙ ቦታ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ፤ በአፕ ብቻ የተሠራ ማኅበር በዚያ ጊዜ ይቆም ነበር።

ልጁ መርዳት ከፈለገ እውነተኛ ሥራ አለው። በየሳምንቱ ለእያንዳንዷ አባል የቁጠባዋን መጠን የሚነግር አጭር መልእክት ይላክ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በላቲን ፊደል የተጻፈ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ይከፈልና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል፣ ሂሳቡም የሁለት ወይም የሦስት መልእክት ይሆናል። የ“ውድ ደንበኛችን” ሰላምታ ቀርቶ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

“ወ/ሮ አበበች፦ 50 ብር ደርሷል። ጠቅላላ 2450። ቀን 12/3። ደረሰኝ 0417”

ይሄ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 51 ፊደል ነው። ረጅም ስም ላላትም ይተርፋል። በደወሉበት ቁጥር የሚመጣው ማውጫም እንዲሁ ነው፤ በላቲን 182፣ በግዕዝ ፊደል 80 ገደማ ብቻ በአንድ ገጽ ይገባል። የአማርኛው ማውጫ ብዙ ጊዜ “ቀጣይ” የሚያስብለው ለዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሙከራ መልእክት በየስልኩ ዓይነት ላኩ። አንዳንድ የቆዩ ቁልፍ ስልኮች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ደርድረው ያሳያሉ። ለእነዚያ ቁጥሮቹን ብቻ በቋሚ ቅደም ተከተል መላክ ይሻላል፦ የተከፈለ፣ ጠቅላላ፣ የደረሰኝ ቁጥር።

ኤክሴሉ ላይ ስም ሲፈለግ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው እየተቀየሩ ይፈለጉ። ሲቀመጥ ግን መታወቂያው ላይ እንዳለው ይቀመጥ፤ የሰው ስም “ለማስተካከል” እጁን እንዳይሰድ። ቀን ሲመዘግብም የፈረንጁን የቀን ሳጥን አይጠቀም፤ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅምና የጳጉሜን ክፍያ ይጥላል ወይም ወደ ሌላ ወር ያዞራል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ ይለያዩ።

ሰዓት ደግሞ የጠብ ምንጭ ነው። ከቴሌብር የሚመጣው ማረጋገጫ በፈረንጅ ቀንና ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠር ሰዓት ነው። ደንባችሁ “እሑድ እስከ 12 ሰዓት ያልከፈለች ትቀጣለች” ካለ፣ 17:40 የከፈለችውን የሰዓቱን ልዩነት የማያውቅ ጸሐፊ “አሳልፋለች” ብሎ ይቀጣታል። 17:40 ማለት ከምሽቱ 11:40 ነው፤ 6 ይቀነስ።

ሌላም አለ፤ የአባላትን መታወቂያ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጫን ይቅር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ሰውየው ሳይፈቅድ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይነገረው መረጃውን መሰብሰብና ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል። ለማኅበሩ ስምና ቁጥር ይበቃዋል።

ጣት_ንባብ

ከኮድ በግዕዝ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። *127# ለቁልፍ ስልክ ተጠቃሚ ጥሩ ነው፤ ለዓይነ ስውር ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቁልፍ ስልክ ማውጫውን አያነብላትም። ብዙዎች ቅደም ተከተሉን በቃል ይዘው ነው የሚሠሩት፤ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ነጥብ በጣት ፈልገው ከዚያ ይቆጥራሉ። ኩባንያው አንድ ቀን አዲስ አገልግሎት መሃል ላይ ሲያስገባ “ላክ” የነበረው ቁጥር ሌላ ነገር ይሆናል፤ ያልፈለገችውን ጥቅል ትገዛለች። ስማርት ስልክ ለያዘች ደግሞ *127# ሌላ ችግር አለው። ማውጫው እስኪነበብ የተሰጠው ጊዜ ያልቅና ከመሃል ይቋረጣል። አፑ በዚህ ረገድ አይቸኩልም።

ስለዚህ ለሁለቱ እናቶች ሁለቱም መንገድ ይሞከር፤ ምርጫው የእነሱ ነው። በአንድሮይድ ቶክባክ የሚባለው ንባብ በስልኩ ውስጥ አለ። ከቅንብሩ አቋራጩ ከተፈቀደ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ለ3 ሰከንድ ያህል አብሮ ተጭኖ መያዝ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። አማርኛ እንዲያነብ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የንባብ ድምፅ ይጫንና ቋንቋው አማርኛ ይደረግ። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያስጠላል፤ ግን ቁጥርና ስም ይለያል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የጆሮ ማዳመጫ ግዴታ ነው፤ ያለበለዚያ ስልኩ ቀሪ ሂሳቧን ለገበያው ሁሉ ያነብባል። ቶክባክ ስክሪኑን የማጨለም ምርጫም አለው፤ ከጀርባዋ የቆመ ሰው የሚስጥር ቁጥሯን እንዳያይ ይጠቅማል።

ኪው አር ኮድ ለጥፋችሁ “ስካን አድርጉ” አትበሉ። ካሜራውን ማነጣጠር ያስቸግራል። የማኅበሩ መቀበያ ቁጥር በብሬልና በትልቅ አኃዝ በካርቶን ይጻፍላቸው፤ ስልኩ ላይም በስም ይመዝገብ። ልጁ አፑን ካልሠራሁ ብሎ ከጸና ደግሞ ቢያንስ እነዚህን ይጠብቅ፦ እያንዳንዱ ምልክት የሚነበብ ስም ይኑረው (አለዚያ ቶክባክ “አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር” ብቻ ይላል)፣ የሚነካው ቦታ ከ48 በ48 ዲፒ (የአንድሮይድ ስክሪን መለኪያ) አይነስ፣ የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ንፅፅር ከ4.5 ለ1 አይውረድ፣ የሚስጥር ቁጥር መጻፊያው ቁጥሮቹን በየጊዜው አያማታ። የመጨረሻው ለደኅንነት ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ዓይነ ስውርንም ፊደል ያልቆጠረንም እኩል ያባርራል።

ፊደል ላልቆጠሩት ትልቅ ዕድል አላችሁ። ፊደል የማያነቡ ብዙ ነጋዴ ሴቶች አኃዝ ያነባሉ፤ ብር ሲቆጥሩና ስልክ ሲደውሉ የለመዱት ነው። “ማንበብ ስለማትችል ልጇ ይክፈልላት” ከማለት ይልቅ ሦስት አኃዝ ማየት ይለማመዱ፦ የተቀባዩ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዝ፣ የሚላከው መጠን፣ ከላኩ በኋላ የቀረው። ልምምዱ በ1 ብር፣ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ጣት ይሁን። አሠልጣኙ ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ “እንዲህ ነው” ካለ ያን ቀን የተማረው እሱ ነው።

መስማት የተሳነው አባል ካለ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት 994 ደውለሽ አመልክቺ ማለት አይሠራም፤ በአካል ወይም በጽሑፍ የሚቀርብበትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለዓይነ ስውር “ዋስ ወይም ተወካይ ይዘሽ ነይ” ይላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀች አገር ናት፤ የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ የራሱን የገንዘብ ጉዳይ ራሱ እንዲቆጣጠር፣ የባንክ ብድርም እኩል እንዲያገኝ መብት ይሰጣል። በሌላ በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሰውየውን ከመጭበርበር ለመጠበቅ የገባ ድንጋጌ ነው፤ አበዳሪዎች ግን “አደጋ አለው” ብለው ጨርሶ ላለማበደር ሰበብ ያደርጉታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የብድር ውሉን ይዞ አረጋጋጩ ፊት መቅረብ። ወጪውን ማኅበሩ ይሸፍን፤ ተበዳሪዋ ላይ ከተጣለ ለእሷ ብድሩ ከሌላው የተወደደ ሆነ ማለት ነው።

ገበያ_ቀን

ስለ ስልኩ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ብሩ ጥቂት ልበል። አባላቱ ገቢያቸው ጥሬ ገንዘብ ነው አይደል? እንቁላልና ቅቤ ሸጣ 50 ብር የያዘች ሴት ወደ ስልኳ ለማስገባት ወኪል ጋ መሄድ አለባት። እሑድ ወኪሉ ሱቅ ይዘጋ ይሆናል። በገበያ ቀን ደግሞ ሁሉም ሊያስገባ ሲጎርፍ ወኪሉ ስልኩ ላይ ያለው ሂሳብ ያልቅበታል፤ ብድር ሲሰጥ ሁሉም ሊያወጣ ሲመጣ ጥሬ ብሩ ያልቅበታል። ለ50 ብር የባጃጅ ከፍላ ከሄደች ቁጠባው ቀለጠ።

ስለዚህ “ጥሬ ገንዘብ ቀርቷል” የሚል ደንብ አታጽፉ። ሁለቱ መንገዶች እኩል ይሁኑ፤ በጥሬ ብር የከፈለችም በዚያው ቀን ደረሰኝ ታግኝ፣ የብድር ተራዋ አይለወጥ፣ ተጨማሪ አይጠየቅባት። በስልክ መክፈል የፈለገች በሳምንት 50 ከምትልክ በወር አንዴ 200 ብትልክ የማስተላለፊያና የማውጫ ክፍያውም መንገዱም ይቀንሳል፤ የእሑዱ ስብሰባ ግን አይቅር። ገንዘብ ያዧን የሚቆጣጠራት አፕ አይደለም፣ የእሑዱ ስብሰባ ነው።

ሞጃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ኮሚቴው ሁሉም ወደ ገንዘብ ያዧ የግል ቴሌብር ይላክ ብሏል፤ ይሄ ችግር አለው? ደግሞ “ረዳት” የሚሆኑ ሁለት ሴት ተማሪዎች አግኝተናል፤ የሚስጥር ቁጥር ለእነሱ መስጠትን በደንቡ እንዴት እንከልክል?

መዝገብ_ያዥ

የግል ቴሌብር ፈጽሞ አይሆንም። ገንዘብ ያዧ ብትሞት ገንዘቡ የውርስ ክርክር ውስጥ ይገባል፤ ዕዳ ቢኖርባት ሊታገድ ይችላል። የግል ሂሳብ የሚይዘው መጠንና በቀን የሚያስተላልፈው ጣሪያ አለው፤ የብድር ቀን ያንን ጣሪያ ያልፋል፣ ሰዉ እየጠበቀ ክፍያው ይቆማል። ማኅበሩ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የተመዘገበ ከሆነ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱንና ቃለ ጉባኤውን ይዞ በራሱ ስም የባንክ ሂሳብና የተቋም መቀበያ ይክፈት። ካልተመዘገበ መጀመሪያ ይመዝገብ፤ እስከዚያው በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይሠራ፣ ቴሌብር ይቆይ።

ስለ ረዳቶቹ፣ ዝም ብሎ “ክልክል ነው” ማለት አይሠራም፤ እርዳታ የሚያስፈልጋት ሴት ቁጥሯን መስጠቷ አይቀርም። ረዳቷ ማድረግ የምትችለው ይጻፍ፦ ማውጫውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ የመጣውን ማረጋገጫ ታነባለች፣ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። የሚስጥር ቁጥር ሲገባ ፊቷን ታዞራለች። ስልኩ ከባለቤቷ እጅ አይወጣም። ሁለቱ ረዳቶች የአባል ልጅ ወይም ምራት ከሆኑ የቤተሰባቸውን ሰው አይርዱ፤ ይለዋወጡ። ቁጥሯ ታውቆባታል የተባለች አባል ያንኑ ዕለት ትቀይር፤ ስለ ሰጠች ቅጣት አይኑር፤ ቅጣት ካለ ትደብቃለች።

ደንቡ ላይ እኔ የማስገባቸው አንቀጾች እነዚህ ናቸው። አባል የምትከፍልበትን መንገድ ራሷ ትመርጣለች፣ በፈለገች ጊዜም ትለውጣለች። ኔትወርክ ወይም መብራት በጠፋበት ቀን የመዘግየት ቅጣት የለም፤ ኔትወርክ መጥፋቱን ቁጥጥር ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይመዘግባል። የስልክ ክፍያ ተከፈለ የሚባለው የማኅበሩ ሂሳብ ላይ ሲታይ ነው፤ በአባሏ ስልክ ላይ በመጣ መልእክት አይደለም። ብድር በአባሏ ስም በወጣ ቁጥር ወይም በእጇ ካልሆነ በቀር ለማንም አይላክም።

የሦስተኛው አንቀጽ ምክንያት ማጭበርበር ነው። እውነተኛው የቴሌብር ማረጋገጫ ላኪው 127 ሆኖ ነው የሚመጣው። አጭበርባሪ ያንኑ ጽሑፍ ገልብጦ ከተራ 10 አኃዝ ቁጥር ይልክና “በስህተት 3000 ብር ልኬብሻለሁ፣ እባክሽ መልሺልኝ” ብሎ ይደውላል፤ ያለቅሳልም። መልሱ አንድ ነው፦ ቀሪ ሂሳብን በ*127# ማየት። ገንዘቡ በእርግጥ ከገባም በራስ እጅ አይመለስም፤ ላኪው ለኩባንያው ያመልክት።

በስህተት የላከች አባል የግብይት ቁጥሩን ሳታጠፋ ወዲያው ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ትደውል፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው ማስመለስ ይከብዳል። አቤቱታው በቃል ብቻ አይቅር፤ የተሰጠው የአቤቱታ ቁጥርና ቀኑ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ኩባንያው ካልፈታው የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለ። ባንኩ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር “ለኩባንያው መቼ አመለከትሽ?” የሚል ነውና የዚያ መዝገብ ጥቅም እዚያ ነው።

ማስታረቁ እሑድ እሑድ ይሁን። የማኅበሩ የሂሳብ መግለጫ፣ የጥሬ ብር ደረሰኝ ጉርድና የአባላት ደብተር ሦስቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ እያንዳንዷ አባል ስሟ ተጠርቶ ጠቅላላዋ ይነበብላት። ያልተመሳሰለው እዚያው በተለየ ገጽ ይጻፍ፣ ለሚቀጥለው እሑድ የሚያጣራው ሰው ስም ይያዝ። መዝገቡ ላይ ድልዝ አይኑር፤ ስህተት በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ ሁለት ፊርማ ይደረግበት።

ኮድ_በግዕዝ

ገበያ ቀን ያለው ትክክል ነው፤ 200 በወር የሚለውን ተቀብያለሁ። ጣት ንባብም፣ ስለ ሰዓቱ ማለቅ ያነሳኸው ልክ ነው።

ሞጃ፣ ሙከራውን በጎበዞቹ አትጀምር። ስማርት ስልክ ያላቸው አምስት ወጣት አባላት ተሞክሮ “ሠርቷል” ይባልና ሌላው ላይ ይጫናል። ሁለቱን ዓይነ ስውር እናቶች፣ ቁልፍ ስልክ የያዙ ሁለት፣ ኦሮምኛ የሚቀናቸው ሁለት፣ ሲማቸውን ገና በስማቸው ያወጡ ሁለት ሆነው ለአራት እሑድ ከጥሬ ብሩ ጎን ለጎን ይሞክሩ። በራሷ ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ የተከፈለ ክፍያ ስንት እንደሆነ ብቻ ቁጠር። በአራተኛው እሑድ ያ ቁጥር ካልቀነሰ መስከረም ገና ነው።

ገበያ_ቀን

ኦሮምኛውን በተመለከተ፣ ቴሌብር ማውጫውን በኦሮምኛም ይሰጣል፤ ቋንቋ መቀየሪያው እዚያው ማውጫ ውስጥ አለ። በ*127# ሲሆን ቋንቋው የሚያዘው በቁጥሩ ላይ ነው፤ ስልክ ብትቀይርም ሲሙ ያው ከሆነ ይከተላታል። እናትና ልጅ አንድ ሲም በጋራ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ልጁ ወደ አማርኛ ሲመልሰው እናቲቱ እሑድ ዕለት የማታውቀው ማውጫ ይጠብቃታል። ሲም በስም ማውጣቱ ለዚህም ይጠቅማል።